የወገዳ ገበያ ዋጋ ጠሪ

ሲነጋጋ ኪዳን አድርሰን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የጥሩምባ ነፊው ድምፅ ከማዶ ተሰማ። በእኛ ሀገር ሰው ሲያርፍ ጥሩምባ ይነፋል፤ የሟቹም ስም ከየጉብታው ይለፈፋል። ከዲያቆናቱ ጋር ቆመን አዳመጥን። ጥሩምባው ዝም አለና ስሙ መጣ፦

«አያ ይትባረክ ዐርፈዋል! ያልሰማህ ስማ!»

መቋሚያዬን ተደግፌ ባለሁበት ቀረሁ። «ያልሰማህ ስማ» የእርሱ ቃል ነበረች። ዕድሜውን ሙሉ በወገዳ ገበያ ሲጣራባት ኖሮ፣ የራሱን ዕረፍት ግን ሌላ ሰው ጠራለት።

ይትባረክን ከዚህ ሀገር ሰው ሁሉ አስቀድሜ ዐውቀዋለሁ። ሁለታችንም ከስማዳ ተነሥተን፣ ደበሎ ለብሰን፣ ድጓ ለመማር ጋይንት ቤተ ልሔም የገባን የአንድ ጎጆ ተማሪዎች ነበርን። የቆሎ ተማሪ የሚኖረው ከየመንደሩ ለምኖ በሚያመጣው ቁራሽ ነው። ስለዚህ በተማሪ ዘንድ ከሀብት ሁሉ የሚበልጠው ወሬ ነበር፤ ተዝካር የት እንዳለ፣ የትኛዋ ባልቴት እጇ እንደማይሰስት፣ የማን ውሻ ተፈትቶ እንደሚውል ማወቅ ማለት ነው። እኛ እንዲህ ያለውን ወሬ እንደ ወርቅ እንሸሽገው ነበር። ይትባረክ ግን ከልመና ሲመለስ በጎጆዎቹ መካከል ይቆምና ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፦ «ከወንዙ ማዶ ተዝካር አለ! በታች መንደር ግን አትለፉ፣ የቄሰ ገበዙ ውሻ ተፈትቷል!»

አንድ ቀን ተናድጄ ያዝኩት።

«አንተ ቂል፣ ዝም ብለህ ለብቻህ ብትሄድ ጠግበህ አትመለስም ነበር?»

«እጠግብ ነበር።»

«ታዲያስ?»

«ዛሬ እኔ ደብቄ ስጠግብ፣ ነገ አንተ ትደብቅብኛለህ። በመጨረሻ እያንዳንዳችን የምናውቀው አንዲት ደጅ ብቻ ትሆናለች። ያች ደጅ የተዘጋች ቀን ጦማችንን እናድራለን።» ከዚያም ስልቻዬን በጣቱ ነካ አደረገና ሣቀ። «ደግሞስ ቂል የምትለኝ ምን ይዘህ ነው? ስልቻህ ከእኔዋ ይልቅ ባዶ ናት።»

ድምፁ ከሁላችንም የተለየ ነበር። የኔታ ተማሪውን ሲሰሙ ዐይናቸውን የሚጨፍኑት እርሱ ተራውን ሲያዜም ብቻ ነበር። ነገር ግን ድጓውን እኩሌታ ሳያደርስ አባቱ ሞቱና እናቱንና ታናናሾቹን ለማኖር ወደ ስማዳ ተመለሰ። የኔታን ጉልበታቸውን ስሞ ተሰናበተ። እኔ ዳገቱ ድረስ ሸኘሁት። «ቀሪውን አንተ ተማርልኝ» አለኝ።

ከብዙ ዘመን በኋላ መሪጌታ ሆኜ ወደ ስማዳዋ ከተማ ወደ ወገዳ ስመለስ፣ ይትባረክን አንዲት ጠባብ መጋዘን ከፍቶ እህል ሲነግድ አገኘሁት።

የወገዳን ገበያ ለማያውቀው መናገር ይገባል። ገበሬው ምስሩንና ሽምብራውን በአህያ ጭኖ፣ ከቆላው ዳገቱን ወጥቶ ሲደርስ እርሱም አህያውም ዝለዋል። ያመጣውን ጭነት ይዞ እንዳይመለስ ይመኛል፤ ያልሸጠውን ጭኖ መውረድ ከመውጣቱ ይከፋልና። ነጋዴዎቹ ይህን ያውቃሉ። ጠዋት ዋጋ ሲጠየቁ «ገና አልታወቀም» ብለው በየመጋዘናቸው ደጅ ይቀመጣሉ። «ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዋጋም ያዘቀዝቃል» የሚል ብሂል ነበራቸው። እህሉ ደብረ ታቦር ደርሶ በስንት እንደሚሸጥ ነጋዴው ያውቃል፤ ገበሬው አያውቅም። ሻጭና ገዥ ተባሉ እንጂ አንደኛው የሚያይ፣ ሁለተኛው ዐይኑን የታሰረ ነበር።

ይትባረክ ይህን ሥርዐት ያፈረሰው በድምፁ ነው። በገበያው ዳር ተሰብሮ የተጣለ የወፍጮ ድንጋይ አለ። ከደብረ ታቦር ሌሊቱን ከመጡ የጭነት መኪና ሾፌሮችና መካነ ኢየሱስ ከተማ ካለች እኅቱ በስልክ የዕለቱን ዋጋ ይጠይቅና፣ ገበሬው ጭነቱን ሳያራግፍ በዚያ ድንጋይ ላይ ይወጣ ነበር።

«ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! የደብረ ታቦር ምስር ዛሬ ይህን ያህል ነው! የመኪናው ኪራይ ይህን ያህል ይበላል! ለእኔ ይህን ያህል ይተርፈኛል፤ ሚስት አለችኝ፣ ጫማ ትለኛለች! የቀረው የእናንተ ነው። የተሻለ የሚሰጥ ካለ ሂዱለት፤ ከሌለ ሚዛኔ እዚህ ነው!»

ገበያው ይሥቃል። አንዲት ምስር ሻጭ በሣቁ መካከል ትጮኻለች፦

«አያ ይትባረክ፣ ለዘነበች ጫማውን ገዙላት ወይስ በየገበያው ስሟን ብቻ ነው የሚያነሡት?»

«ገዛሁላት! ጠበበኝ ብላ ሌላ ልታስገዛኝ ነው። ስለዚህ ምስርሽን ቶሎ አምጪ!»

እኔ ግን የምሰማው ሌላ ነገር ነበር። ዋጋውን የሚጠራው በዜማ ነው፤ ያውም በቤተ ክርስቲያኑ ዕዝል። እንደ ካህንነቴ ቅር አለኝና ገሠጽኩት።

«አንተ ሰው፣ የቤተ መቅደሱን ዜማ ለምስር ዋጋ?»

«መሪጌታ፣» አለኝ፤ ሲቀልድብኝ ነው በማዕረጌ የሚጠራኝ። «አንተ የምታዜመው ለእግዚአብሔር ነው፤ ሹክ ብትለውም ይሰማሃል። እኔ የምጮኸው ከአህያ ኋላ ለቆመ ገበሬ ነው። እስኪ ፍረድ፣ ድምፅ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለማናችን ነው?»

ደግሜም አልገሠጽኩትም።

እነዚያ ጥቂት ዓመታት ለሀገሩ መልካም ነበሩ። ይትባረክ ሀብታም አልነበረም፤ ከገበያው እህል የሚገዛውም ጥቂቱን ብቻ ነው። ነገር ግን ያ ጥቂት በቂ ነበር። ዋጋው ከታወቀና አንድ ሰው እንኳ በዚያ ዋጋ የሚገዛ ከተገኘ፣ የቀሩት ነጋዴዎች ወደዱም ጠሉም ወደ እርሱ ዋጋ ይጠጋሉ። የሣር ክዳን የነበራቸው ቤቶች ቆርቆሮ ለበሱ። ከነጋዴዎቹ ዋነኛው ታከለ የሚባለው ነበር፤ መጋዘኑ ሰፊ፣ ወሬውም ፈጣን። በድንጋዩ አጠገብ ሲያልፍ ይተርበው ነበር።

«አያ ይትባረክ፣ ቤተ ልሔም የተዉትን ድጓ እዚህ ሊፈጽሙት ነው?»

«ድጓውስ ቀረብኝ፣ ታከለ። አንተ መጋዘን ከከፈትህ ወዲህ ያለሁት ጾም ላይ ነው፤ የምቆመውም ጾመ ድጓ ብቻ ሆነ።»

ታከለም አብሮ ሣቀ። ሣቁ ግን ከዐይኑ አልደረሰም።

ክፉው ነገር የተመከረው፣ ስናገረው ያሳፍረኛል፣ በጽዋ ማኅበር ነው። ነጋዴዎቹ የጻድቁን ጽዋ በታከለ ቤት ጠጡ፤ ዳቦው ተባርኮ ተቈረሰ፤ ካህኑንም ሸኝተው ሲመለሱ ምክሩ ተጀመረ። በተከታዩ ገበያ ይትባረክ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ የደብረ ታቦርን ዋጋ ጠራ። ድምፁ ገና ሳይበርድ ታከለ ከመጋዘኑ ደጅ ተነሥቶ ቆመ።

«ወገኖቼ! እኔ ከደብረ ታቦሩም ጨምሬ እገዛለሁ!»

ሰው ሁሉ ወደ ድንጋዩ ዞረ።

«እኔ ይህን አልችልም» አለ ይትባረክ፤ በዜማ አልነበረም። «ሂዱ፣ ሽጡለት፤ ልጆቻችሁን አብሉበት። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ከሚሸጥበት ዋጋ በላይ የሚገዛ ሰው፣ የሚገዛው እህል አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚገዛው?» አለ አንዱ።

«የእኔን ዝምታ ነው።»

በእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ገበሬዎቹን በደጀ ሰላም ሰበሰባቸው። እኔም ነበርኩ። የለመናቸው ነገር ትንሽ ነበር፦ «ለታከለ አትሽጡ አልልም። ከጭነታችሁ ጥቂቱን ብቻ ለእኔ አስቀሩልኝ፣ እንደ ወትሮው በደብረ ታቦሩ ዋጋ ሒሳብ እገዛላችኋለሁ። መጋዘኔ ክፍት ይሁን። እነርሱ በኪሳራ ሲገዙ ዕድሜ ልካቸውን አይኖሩም፤ እኔ ካለሁ ይደክማቸዋል፣ እኔ ከሌለሁ ግን የዛሬውን ኪሳራ ነገ ከእናንተው ይወስዱታል።»

አያ ውበቱ የተባለ የተከበረ ገበሬ ተነሣ። «እኛ የደቦ ሰዎች ነን» አለ። «የባልቴት ማሳ ሳናጭድላት አናድርም። እርስዎንስ እንዴት እንጥላለን?» ሁሉም «እውነት ነው» አሉ። አንዳንዶቹ ወደ መቅደሱ ዞረው አማተቡ። ይትባረክ ዐይኑ እንባ ሞላ።

የገበያው ቀን ደረሰ። መጋዘኑን ከፍቶ ሚዛኑን ጠራርጎ ተቀመጠ። አህዮቹ እየመጡ በደጁ አለፉ። ገበሬው ሁሉ ሌላው ቃሉን ይጠብቃል ብሎ አስቧልና፣ የእኔ ጥቂት ብትጎድል ምን ትጎዳዋለች ብሎ ሁሉን ለታከለ አራገፈ። አያ ውበቱም አንገቱን አቀርቅሮ ሲያልፍ ይትባረክ ጠራው።

«ውበቱ፣ ደኅና ነህ?»

«ለዛሬ ብቻ ነው፣ አያ ይትባረክ። የልጄ ሠርግ ደርሶብኝ...»

«ዐውቃለሁ፣ ዐውቃለሁ። ሂድ ሽጥ። ብቻ ለሠርጉ እንዳትረሳኝ።»

ሠርጉ ተሠረገ። ውበቱ ግን ስላፈረ ሳይጠራው ቀረ።

ሁሉም «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ነበር። በሚቀጥለው ገበያም እንዲሁ አለ። ይትባረክ ኋላ ሲነግረኝ አንዳች ቂም አልነበረበትም፤ የገዛ ስሕተቱን ነበር የሚመረምረው። «ደቦ መሰለኝ» አለኝ። «ደቦ የሚጸናው ማጭዱን ይዞ እቤቱ የቀረው ሰው ስለሚታይ ነው። ሰልፉ ላይ ቦታው ባዶ ይሆናል፤ ሚስቱ ትሰማለች፣ ልጆቹ ያፍራሉ። ሽያጭ ግን ሰልፍ የለውም። እያንዳንዱ የሚቀረው ለብቻው፣ በየአህያው ኋላ ነው። ይህን ሳላስብ ቃላቸውን ተቀበልኩ። ሰዎቹ ክፉዎች አይደሉም።»

መጋዘኑ ተዘጋ። በቅሎውንና ሚዛኑን ሸጠ፤ ሚዛኑን የገዛው ታከለ ነበር። የእርሱ ደጅ ከተዘጋ በኋላ በመጀመሪያው ገበያ የምስር ዋጋ ወረደ፤ በተከታዩም ወረደ። የተጨመረው ሁሉ ከነወለዱ ወደ ነጋዴዎቹ ተመለሰ።

ያን ጊዜ ሰዎቹ መለስ ብለው መጡ። «አያ ይትባረክ፣ የደብረ ታቦር ስንት ነው?» እያሉ በእርሻው ዳር፣ በቤተ ክርስቲያን በር ይጠይቁታል። እርሱም አልተቀየማቸውም። ሚዛን ባይኖረውም በየገበያው ድንጋዩ ላይ እየወጣ መጣራቱን ቀጠለ። ነጋዴዎቹም አልከለከሉትም፤ ምን ይጎዳቸዋል? ገበሬው እውነተኛውን ዋጋ ይሰማል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያም ነጋዴዎቹ በተስማሙበት ይሸጣል።

አንድ ጎረምሳ አንድ ቀን ስልኩን ዘርግቶ አሳየው። «አባባ፣ አሁንማ በከንቱ አይጩኹ። የደብረ ታቦር ዋጋ በስልክ ይደርሰናል፤ ሁላችንም እናውቀዋለን።»

«ጎሽ! አንተስ ምስርህን ዛሬ በስንት ሸጥህ፣ ልጄ?»

ጎረምሳው ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።

የዚያን ዕለት አብረን ወደ ቤት ስንሄድ ይትባረክ መንገድ ላይ ቆመ። «ወንድሜ፣ እኔ ሰው የተጎዳው ባለማወቁ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ማወቅ ብቻውን የእስር ቤት መስኮት ነው። ውጩን ያሳይሃል፣ አያስወጣህም። በሩ ሌላ ገዥ ነበር። በሩ እኔ ነበርኩ፤ አሁን መስኮት ሆኜ ቀረሁ።»

ከዚያ ቃሉ በኋላ ዝም ይላል ብዬ ነበር። እርሱ ግን በሩን ዳግመኛ ሊከፍት ተነሣ። ገበሬዎቹ እህላቸውን አንድ ላይ አድርገው፣ መኪና ተከራይተው፣ ራሳቸው ደብረ ታቦር እንዲሸጡ መከራቸው። በዚህ ጊዜ የደቦውን ስሕተት አልደገመም። «ጆንያው ሁሉ በአንድ ቦታ፣ በመንገዱ ዳር፣ በሰው ፊት ይከመር» አለ። «ያላመጣ ይታይ።» ሰዎቹም አመጡ። አያ ውበቱ ከሁሉ ቀድሞ አመጣ። ይትባረክን ቀና ብሎ ሳያየው ጆንያውን አወረደና አጠገቡ ቆመ። ይትባረክ ክንዱን በትከሻው ላይ ጣል አደረገለት። ያን ቀን ወጣትነቱ የተመለሰ መስሎኝ ነበር።

ሾፌሩ ጠዋት እመጣለሁ ብሎ ነበር። ጠዋት አለፈ፤ ቀትርም አለፈ። ኋላ እንደተሰማው «ለእነርሱ ከጫንህ ከእኛ ጭነት አታገኝም» የሚል ቃል ከነጋዴዎቹ ደርሶት ነበር፤ እርሱም ዓመቱን ሙሉ የሚያኖሩትን ትቶ ለአንድ ቀን ጭነት ሊመጣ አልደፈረም። ማን ይፈርድበታል? ወሩ መጋቢት ነው፤ ሰማዩ ከጉና ተራራ በኩል ጠቆረና ዝናቡ ያለ ማስጠንቀቂያ ወረደ። ሰዉ ያለውን ሁሉ በጆንያው ላይ አለበሰ። ይትባረክ ጋቢውንም ካፖርቱንም አውልቆ ሸፈነና በቀሚሱ ብቻ ቀረ።

«ኧረ አያ ይትባረክ፣ ይልበሱ! ይታመማሉ!» አለው ውበቱ።

«እኔ ብረጥብ እደርቃለሁ። ምስሩ ከረጠበ ግን የነጋዴዎቹ ነው።»

ረጠበ። በማግስቱ ታከለና ጓደኞቹ የበሰበሰ እህል በበሰበሰ እህል ዋጋ ገዙ። ይትባረክም ከዚያች ቀን በኋላ ከአልጋው አልወረደም።

በዐቢይ ጾም እኩሌታ ልጠይቀው ሄድኩ። ዘነበች ራስጌው ተቀምጣ ነበር። ደረቱ እንደ ወናፍ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ያ ድምፅ ሹክሹክታ ሆኗል።

«መሪጌታ» አለኝ። ሊቀልድ እንደሆነ ዐወቅሁ። «ቤተ ልሔም ሳለን ድጓውን ትቼው የመጣሁት የት ላይ ነበር?»

«የጌታ ጥምቀት ላይ ነበር።»

«ቀሪውን ተማርልኝ ብዬህ ነበር። ተማርህልኝ?»

«ተምሬአለሁ።»

«እንግዲያው ከዚያ ቀጥልልኝ።»

ጀመርኩ። የእኔ ድምፅ እንደ እርሱ አይደለም፤ ዛሬም በዕድሜ ተሰንጥቋል። እርሱ ግን የኔታ ያደርጉት እንደነበረው ዐይኑን ጨፈነ። ጥቂት እንዳዜምኩ እጁን አነሣና አስቆመኝ።

«ስንት ሰው ሰማኝ መሰለህ?» አለ።

«ገበያው ሁሉ ሰምቶሃል።»

«ሁሉም ሰማኝ» አለ ቀስ ብሎ። ዘነበች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቀብሩ ላይ ሀገሩ ሁሉ ወጣ። ታከለም መጥቶ ነበር፤ አለቀሰም፤ የእንባውን ልክ የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። እኔ ፍትሐቱን ሳደርስ ድምፄ ብዙ ጊዜ ተቋረጠብኝ፤ ቀሳውስቱ ተቀበሉኝ።

የአርባው ተዝካር ሲቃረብ ዘነበች ለጠላው ገብስ፣ ለዳቦው ስንዴ መግዛት ነበረባትና እንድሸኛት ለመነችኝ። ያን በየገበያው የተነገረለትን ጫማ ተጫምታ ነበር። በወፍጮው ድንጋይ አጠገብ ስናልፍ አንድ ገበሬ የአህያውን ጭነት ደግፎ፣ ሳያራግፍ፣ ወደ ድንጋዩ እያየ ቆሟል። ሌሎችም እንዲሁ ቆመው ነበር። ከዚያ አንዱ ገመዱን ፈታ፤ ሌላውም ተከተለው።

ከታከለ መጋዘን ደረስን። ታከለ ተነሥቶ በአክብሮት ተቀበለን፤ ለእርሷም መቀመጫ አቀረበ። የስንዴውን ዋጋ ነገራት። ውድ ነበር። ከአጠገቡ ያለው መጋዘንም ያንኑ እንደሚል ሦስታችንም እናውቃለን። ዘነበች አልተከራከረችም። ከሰውዬው ትከሻ በላይ፣ ጥግ ላይ የቆመውን የባሏን ሚዛን ተመለከተች።

«የደብረ ታቦር ዛሬ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ታከለ ደነገጠ። ወደ እኔ አየ፣ ዐይኑን ወደ እርሷም መለሰ። «እትዬ ዘነበች፣ ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል? የሚገዙት ከዚሁ ነው።»

«ምንም አያደርግልኝም» አለች። «ሲጠራ መስማት ለምጄ ነው።»